ቂርቆስ ያደረበት ቤት

በእኛ አገር የጣሊያን ዘመን ጨዋታ ሲነሣ ያልሸፈተ አያት የለም። የአንዱ አያት ጉና ላይ ሆኖ ጣሊያንን ሲያራውጥ ከርሟል፤ የሌላው አያት ምሽግ ሰብሮ መትረየስ ማርኳል። የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ጣሊያን በመጣበት ሳምንት መመለስ ነበረበት። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ "የአያቴ ወንድም ጎርፍ የገባበትን ቤት ያደርቅ ነበር" እላለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ! የሚስቀው ጎርፍ ቤቱ ገብቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

ስሙ ፈንታሁን ነው። ለታላቅ ሰው "እሳቸው" ማለት ደንብ እንደሆነ አላጣሁትም። እሱ ግን "አንቱ" ያሉት እንደሆነ "ስንት ሆኜ ታየሁህ?" ብሎ ይቆጣ ስለነበር እኔም እሱ እያልሁ እጨርሰዋለሁ።

ትውልዱ ይፋግ፣ ከርብ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሳይጠሩት ቤት ይገባል፤ ሰዉም እንደ ክፉ አማት ችሎ ያሳልፈዋል። ፈንታሁን በጉብዝናው በጎርፍ የተያዘ ጎታ በገመድ ሲጎትት ገመዱ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ይዞበት ሄደ። ሚስቱን ወርቅነሽን የረግረጉ ንዳድ አልለቅ ሲላት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደጋ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ንዳዱ ግን አብሮ ወጣ፤ በየክረምቱ እየተነሣ ያንቀጠቅጣት ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ የፈንታሁንን እጅ አይቶ "ሌባ ጣት የሌለው ሰው አይሰርቅም" እያለ ይቀልድና ቤቱን ያለ ጠባቂ ይተውለት ነበር።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። ጎርፍ ገባበት የተባለ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ እንደምን አደራችሁ አይልም። ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ጭቃ ቆንጠር አድርጎ ያሸታል። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጥቂት ያዳምጣል። ከዚያ ስድብ ይጀምራል።

"ይኸ ቤት ነው ወይስ መልካ? ውኃ በአያቱ ጊዜ በያዘው መንገድ ላይ ጎጆ ውጣ ያለህ ማን ነው? ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!"

ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ምን ያድርግ። ስድቡ ሲያልቅ ሥራው ይከተላል። ውኃው በቅል ተጨልፎ ይወጣል፤ ጎታው ከነእህሉ ድንጋይ ላይ ይነሣል፤ ደለሉ ተጠርጎ ከምድጃው እስከ ደጃፉ ፈሰስ ይቀደዳል። አመድና ገለባ ይነሰነሳል፤ በር ተዘግቶ ወይራ ይጨሳል። "ግድግዳው ማልቀሱን ሲተው" ይላል እሱ፣ ያን ጊዜ ምርጊቱ ይታደሳል። ቤቱን ሲያስረክብ ከመጀመሪያው የባሰ ስድብ ሰድቦ ይወጣል። የሱ ቤት ጣራ ደግሞ ያፈስስ ነበር፤ ይህን ያነሣበት ሰው ዳግመኛ አላነጋገረውም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ከከተማው ዳር፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች መንገድ ይቆረጥ ጀመር። መንገድ ሠሪዎቹ የቆረጡትን አፈር ሁሉ ወስደው የድሮውን ሸለቆ ሞሉበት። ሐምሌ ሲገባ ጉና ላይ የወረደው ዝናብ በለመደው በኩል መጥቶ መንገዱን አጣ። ቢያጣ ጊዜ በጠበሉ በኩል አለፈ፤ የጠበሉን ካብ ንዶ፣ የቂርቆስ ክብረ በዓል ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት ከታች ባለው መንደር ገባ።

ከሁሉም የባሰው የእመት አመተማርያም ቤት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ በሙሽርነት የገቡበት ቤት ነው፤ ልጆቻቸውን የቀበሩት ከዚያው ቤት ነው። ሌላ መግቢያ የላቸውም። ውኃው እስከ ጉልበት ሞልቶ ከመደቡ ጋር ተካክሏል። በዚያኑ ዕለት የጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚው በጥበቡ አፍ አዋጅ አስነገረ፤ ቅዳሜ መጥቶ ያያል፤ ከመንገዱ ዳር ያለ ውኃ የተኛበትና ግድግዳው የተበላ ቤት ሁሉ ይፈርሳል፤ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ፈንታሁን አዋጁን እንደሰማ ቅሉንና አካፋውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። እመት አመተማርያም ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"ቁም! ጫማህን አውልቅ።"

"ጫማ ኖሮኝ ያውቃል እሜቴ?"

"እንግዲያው እግርህን ታጠብ።"

"ጎርፍ ውስጥ ለመግባት?"

"ጎርፍ አይደለም፤ ጠበል ነው" አሉ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ቀሰሩ። ሰው ጠበል የሚጠጣበት የእንጨት ዋንጫ ከምሰሶው ሥር ተንሳፍፏል። "ቂርቆስ በገዛ ዋንጫው ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ይኸን ውኃ ጨልፈህ መንገድ ላይ ልትደፋው ነው? በሬሳዬ ላይ ተራምደህ!"

ፈንታሁን ተሳደበ፣ ለመነ፣ እንደገና ተሳደበ። ውኃው ሁለት ሌሊት ካደረ የግድግዳው ሥር እንደሚሟሽሽ ነገራቸው። አልሰሙትም። በመጨረሻ የቂርቆስን የቅኔ መምህር፣ መርጌታ ቀለመወርቅን ጠርቶ መጣ።

የኔታ ቀለመወርቅ ብዙ የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ከተማሩት ሁሉ የሚበልጠው ግን እሺም እምቢም ሳይሉ መዋል መቻላቸው ነው። ዋንጫውን አዩ፤ ውኃውን አዩ፤ ጢማቸውን ዳበሱ።

"ጎርፉ ጎርፍ ነው" አሉ። "ጠበሉም ጠበል ነው። የተቀላቀለውን መለየት የሚቻለው እሱ ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለጥንቃቄ እግር በሚረግጠው ላይ አይደፋም።"

"ታዲያ የት ልድፋው የኔታ? ሰማይ ላይ?"

"አይደፋማ። ሰው ይጠጣው፤ ይጠመቅበት፤ ለቤቱም ይውሰድ።"

"ይኸን ሁሉ?"

"ምእመናን ብዙ ናቸው" ብለው የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

ፈንታሁን ብቻውን ቆሞ አሰበ። ነገ በዓል ነው፤ እሱ አካፋ ቢያነሣ ይወገዛል። ሰው ግን ጠበል ቢቀዳ ማን ይከለክለዋል? በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎርፍ የገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳቀ።

ሐሙስ ቅዳሴ ሲወጣ ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለዲያቆን ሞላ። "ለማንም እንዳትተነፍስ" ብሎ አስጠነቀቀው። ሞላ ደግሞ የያዘው ወሬ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ነበር፤ ከበሩ ሳይርቅ ሕዝቡ ሁሉ አወቀ።

ሰው በእንስራ መጣ፣ በገንቦ መጣ፣ በቅል መጣ። እመት አመተማርያም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው "እየተሳለማችሁ ግቡ" እያሉ ያስገባሉ። ረፋድ ሳይሆን ውኃው አለቀ። ኋላ የመጣው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስምና ደለሉን ለእምነት ይዝቅ ጀመር፤ የታመመ ሰውነት የሚታሸበት የተባረከ አፈር ነዋ። ፈንታሁን በሌላ ጊዜ ወገቡ እስኪቆረጥ የሚጠርገውን ጭቃ ባለጸጎች ሳይቀሩ በነጠላቸው እየቋጠሩ፣ እያመሰገኑ ሲያወጡለት አየ። አስተርጓሚው ጥበቡ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ገብቶ "ለሆዴ ነው" ብሎ አንድ ቅል ጠጥቶ ወጣ።

"ጀርባዬን ስሰብር የኖርሁት ለምን ነበር?" አለ ፈንታሁን። ጎረቤት የሰጠውን ጠላ ጨልጦ፣ አጥር ጥግ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከጉና ሥር በበቅሎ፣ ከአንበሳሜ መንገድ በእግር የመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ለነዚህ ውኃም ደለልም አልደረሳቸውም። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዶ ይመለሱ? የራሰውን ግድግዳ ይገምሱት ጀመር። ፈንታሁን ብድግ ብሎ ሲያይ ማገሩ እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ወጥቷል፤ ዶሮዎች በግድግዳው ሽንቁር ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

"ኧረ ተዉ! ይኸ እምነት አይደለም፤ ምርጊት ነው! አምና በገዛ እጄ የመረግሁት! ጭድ ነው! እበት ነው!"

ማሬ የምትባል የጉና ሴት የግድግዳ ጓል በነጠላዋ ታቅፋ ገላመጠችው። "እበቱንም ባርኮታል፤ አፍህን ያዝ" አለችና ጓሉን ሳመችው።

ባገኘው ጭራሮ እያስፈራራ ሁሉንም አስወጣ። ከዚያ ብቻውን ገብቶ ጉዳቱን ሲያይ ቆየ። እመት አመተማርያም ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው በግድግዳቸው በኩል አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፤ አላፊ አግዳሚውም እሳቸውን ያያል።

"ፈንታሁን" አሉት፣ ሳይቆጡ። "ቤቴን አደረቅህልኝ። አሁን ደግሞ አልብሰው።"

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ለካስ ሰው ሲሰድብ የኖረ ሰው ለስላሳ ቃል አይችልም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የምርጊት ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ ብዙ ቀን ካልቦካ ግድግዳ አይዝም፤ በዚያ ዝናብማ ይንሸራተታል። የቦካው ጭቃ፣ ከጭድና ከእበቱ ጋር የተዋሐደው፣ በሰው ቤት ሙዳይና ገንቦ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜ ደግሞ ሹሙ ይመጣል።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዞረ "ጭቃዬን መልሱ!" እያለ ጮኸ። ማን ይመልስለት? አንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ "አያ ፈንታሁን፣ ቤቴ የገባ ቂርቆስን ውጣልኝ ልበለው?" አለው። ሌላው ውሻውን ፈታበት። በሦስተኛው ቤት ሳይሳደብ ለመነ፤ እሱም አልረዳውም። መንደሩን ዞሮ ሲጨርስ እጁ ላይ የነበረው የራሱ አካፋ ብቻ ነው።

እመት አመተማርያም ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወጡ። ለኪዳን የመጣው ሰው ሲወጣ ጠብቀው ተናገሩ።

"ቂርቆስ ከናቱ ከኢየሉጣ ጋራ እኔ ቤት መጥቶ አድሯል አላችሁ። እኔም ብያለሁ። እንግዳዬ ነው እንግዲህ። ነገ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው። እኔስ ወዴት ልሂድ አልላችሁም፤ የትም ወድቄ የትም እነሣለሁ። እሱን የት ላሳድረው?"

ይህን ብለው ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ቤታቸው ሳይደርሱ ሰው ይከተላቸው ጀመር። ጭቃው በመጣበት ዕቃ ሁሉ ተመለሰ። ማሬ ዘመድ ቤት አድራ ነበርና ጓሏን እንደታቀፈች መጣች። አንዱ ገበሬ እምነቱን ላሙን ቀብቶበት ስለነበር ላሟን ነድቶ መጣ፤ ፈንታሁንም ከላሟ ጎን ላይ ፋቀ። የኔታ ቀለመወርቅ ከካባቸው ሥር አንድ ትንሽ ገንቦ አውጥተው በቀስታ አስቀመጡ፤ ሁሉም ወደ ሌላ አየ። ሴቱ ውኃ ጠብ እያደረገ ረገጠው፤ ወንዱ አቀበለ፤ ፈንታሁን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እየተሳደበ መረገ። ደስ ብሎት ነበር፤ ስድቡ ይጣፍጥ ነበር ይላሉ።

ማታ ላይ ግድግዳው ለበሰ። ከደጃፉ አጠገብ ብቻ፣ ሰው ሳይገምሰው በቀረው አሮጌ ምርጊት ላይ፣ ከሁለት ማገር መካከል አንድ እፍኝ ጎደለ። ፈንታሁን ዘሎ ተነሣ።

"ከናንተ መካከል አንድ ከሃዲ አለ! የመበለት ግድግዳ ይዞ እንቅልፍ የሚወስደው ማን ነው? ይውጣ!"

"ሁላችንም መልሰናል" አሉ። "ላሚቱንም ፍቀሃታል።"

አዲስ ጭቃ ጠቅጥቆ ቢሞላው እያየው ተንሸራቶ ወደቀ። ደግሞ ሞላው፤ ደግሞ ወደቀ። እመት አመተማርያም ቀዳዳውን ቀረብ ብለው አዩ። ቀጥለው ፈንታሁንን አዩት።

"ተወው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሙ ጥበቡን አስከትሎ መጣ። ከላይ ያሉትን ሁለት ቤቶች አይቶ ይፍረሱ ብሎ ነበር፤ የባለቤቶቹ ለቅሶ ይሰማል። ወደ እመት አመተማርያም ቤት ሲገባ መንደሩ በሙሉ ደጅ ላይ ቆሟል። ሹሙ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። እንደ አውድማ ደርቋል። ጎርፍ በገባበት ሰፈር እንዲህ ያለ ወለል አላየምና ግራ ገባው። እንዴት አይደርቅ፣ ደለሉን እስከ መጨረሻዋ ድቃቂ ስመው ወስደውታል!

በዘንጉ ግድግዳውን ነካ። ደጅ ያለው ሕዝብ "እግዚኦ!" አለ። ሹሙ ደነገጠ። ደግሞ ነካ፤ ደግሞ "እግዚኦ!" አሉ። ሹሙ ምንድን ነው የሚሉት ብሎ ጠየቀ። ጥበቡ ሐሙስ የጠጣው ሆዱ ውስጥ ነበርና "ሰላምታ ነው ጌታዬ" ብሎ አስተረጎመ።

እንዲህ እያለ ዘንጉ ከደጃፉ አጠገብ ካለችው ቀዳዳ ገባ። ስስ ሆና የቀረችውን ሽፋኗን በስቶ በወዲያ ወጣ። ከወዲያ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጥ የነበረው ዲያቆን ሞላ "ወይኔ ጆሮዬ!" ብሎ ጮኸ።

ሹሙ ዘንጉን ስቦ አወጣ። ፊቱ ተለወጠ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

"ግድግዳው ተበልቷል፤ ይፈርሳል ነው የሚሉ" አለ ጥበቡ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ፈንታሁን አመድ መሰለ። አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ አልወጣውም። "እኔ ነኝ..." ብሎ ሲጀምር እመት አመተማርያም ክንዱን ያዝ አድርገው ቀደሙት።

"ልጄ ጥበቡ፣ አልተበላም በልልኝ። መስኮት ነው። ሆን ብዬ ያስተውሁት ነው።"

ጥበቡ አስተረጎመ። ይህ ሹም ደግሞ አገር ከረገጠ ጀምሮ "እነዚህ ሰዎች መስኮት አያውቁም፤ ጭስ ውስጥ ነው የሚኖሩ" እያለ ያማረረ ሰው ነው። ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዋ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ የሞላን ዓይን አየ። ቀና ብሎ የእመት አመተማርያምን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ ለጥበቡም ብዙ ነገር ነገረው።

"ቤቱ ይቆይ ይላሉ" አለ ጥበቡ። "ሌላውም ሰው ከሳቸው ይማር ይላሉ።"

ሌላውም ሰው ተማረ፤ ሹሙ ከመንደሩ ሳይወጣ በየቤቱ ደጃፍ አጠገብ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ትበሳ ጀመር።

ሰው ሁሉ እልል ብሎ ሲበተን ፈንታሁን ደጃፉ ላይ ቀረ። አካፋውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። እመት አመተማርያም መጡና "እጅህን አምጣ" አሉት። ቀኝ እጁን ይዘው ቀዳዳዋ ውስጥ ከተቱት። በጭቃው ላይ የአውራ ጣትና የሦስት ጣቶች ፈር ነበር። የሌባ ጣት ፈር አልነበረም። እጁ ልክ ገባ።

ያ ሁሉን ሰዳቢ ሰው እጁን ሳያወጣ እንደቆመ አለቀሰ።

"ሐሙስ ማታ ነው እሜቴ። ሰዉን ካስወጣሁ በኋላ። ወርቅነሽ በንዳድ ትቃጠል ነበር፤ ደረቷንና ግንባሯን ቀባኋት። እመልሰው ብል ምንም አልቀረም። እበት ነው እያልሁ የጮኽሁትም እኔው ነኝ።"

"ሰምቼሃለሁ። እንዴት ናት አሁን?"

"ዛሬ ጠዋት ገንፎ አምጣልኝ አለች።"

እመት አመተማርያም እጁን ከቀዳዳዋ በቀስታ አወጡለት።

"እንግዲያው መስኮቱ ይቆይ" አሉ።

ቂርቆስ ነው ያዳናት፣ የደጋው አየር ነው፣ ወይስ ንዳዱ ራሱ ሰልችቶት ሄደ፣ እኔ አልፈርድም። ወርቅነሽ ግን ባሏን ቀብራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ይህን ሁሉ እየሳቀች የነገረችኝ ራሷ ናት። ፈንታሁን እመት አመተማርያም እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ግድግዳቸውን ያለ ዋጋ ይመርግላቸው ነበር። "ውኃ መንገድ ላይ የተቀመጡ!" እያለ ይሰድባቸዋል፤ ከደጃፉ አጠገብ ሲደርስ ግን ስድቡን ያቆምና ቀዳዳዋን በዙሪያዋ አልፎ ይመርጋል።